አራት ስፌት ከሞተር ሥር

ብራናውን አልሰረቅሁም። ይህ ይመዝገብልኝ።

በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ የመጽሐፍ ብራና ሰርቃ ለመኪና መድፈኛ ሰጠች ተብዬ ከፊደል ቤት ተባረርሁ። ዳዊት አጋምሼ ነበር። ከኅዳር እስከ መጋቢት እደጅ ቀረሁ። የተባለው ሁሉ ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑን የሚያሳየው ማስረጃ ደግሞ ከሞተር ሥር፣ በሁለት ብረት መካከል ተጣብቆ፣ በገበያ ቀን በገበያ ቀን ይጁቤ ደርሶ ይመለስ ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ የናትናኤል መኪና ናት። በስንት ሰው እጅ አልፋ እንደደረሰችው እሱም አያውቅም። ደጃፌ ላይ ባደረች ቁጥር ጠዋት መሬቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ትታ ትነሣለች። ባለፈው ሳምንት ጋራዥ ወሰዳት፤ እኔም አብሬ ሄጄ ወንበር አስመጥቼ ተቀመጥሁ። መካኒኩ ዘይቱን አንጠፍጥፎ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ እነሱ ኮፓ የሚሉትን፣ ሲያወርደው የቆየ የሞተር ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

“እማማ፣ ይሸትሻል፤ ወዲያ ሁኝ” አለኝ ናትናኤል።

“ይሽተተኝ” አልሁት። “እኔና ይህ ሽታ የቆየ ጉዳይ አለን።”

መካኒኩ ከቱቦ ውስጥ እንደ ጥርስ ሳሙና ያለ ነገር ጨምቆ የኮፓውን ከንፈር ዙሪያውን ቀባና መልሶ አሰረው። ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ተጠናቀቀ። ለኔ አምስት ወር ፈጅቶብኝ ነበር።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ዳምጤ ይባላል። አያ ዳምጤ እያልሁ፣ ግን እንደ ታላቅ ወንድም “አንተ” እያልሁት ነው ያደግሁ። ከመንገድ ሥራ ያረጀች ባለ ሸራ መኪና ገዝቶ ወደ ሮብ ገበያና ወደ ይጁቤ ሰው ያመላልስባት ነበር። ቀለሟ አመድም አይደል፣ አረንጓዴም አይደል፤ ስለዚህ እንደ በሬ ስም አውጥቶላት ዳለቻ ይላታል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ዙሩን ጨርሶ ከዜሮ የጀመረ ነበር። ዳምጤ በዚህ ይኮራል። “ሌላው መኪና አንድ ዕድሜ ነው የሚኖር፣ ዳለቻ ሁለተኛዋን ጀመረች” ይላል።

ዳለቻ ዘይት ታፈስሳለች። የኔ ሥራ እሱ ነበር። ማታ ከሥሯ ጣሳ አስቀምጣለሁ፤ ጠዋት ጣሳውን ስቤ የተጠራቀመውን በአሮጌ ነጠላ አጠልላለሁ፤ ዳምጤ መልሶ ይጨምርላታል። ያን ጊዜ ዘይት ሲባል የማውቀው የኑግ ዘይት ነው። መኪናዋም ዓመት እስከ ዓመት ኑግ ብቻ የምትጠጣ ጿሚ ትመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ይህን ነገር ለየኔታ ጠየቅኋቸው፤ “ዳለቻ ጾም ፈትታ አታውቅም፤ ትጸድቃለች?” ብዬ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

“ትጸድቃለች እንጂ” አሉኝ። “አጎትሽን ግን ከበር ታወርደዋለች።”

የኔታ የምላቸው መሪጌታ ይትባረክን ነው። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነበር። ጠዋት ፊደልና ዳዊት ያስተምራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ብራና ይፍቃሉ። የፍየሉን ቆዳ በእንጨት መወጠሪያ ወጥረው፣ ወዲያ ወዲህ እያሉ ሲፍቁት እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ ነበረው። ከተማሪው ሁሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሲቀበሉኝ “ወንዶቹ በሚጠየቁት ትጠየቂያለሽ፣ ወንዶቹ በሚያገኙት ታገኛለሽ” ብለውኛል። ይህን ቃል ስለወደድሁት ነው እስከ ዛሬ የያዝሁት።

በቤታቸው አንድ ልማድ አለ። መወጠሪያው ሥር ያለውን የጠረገ፣ በማዕዘኑ የተጣለውን ፍቅፋቂና እንከን ያለበትን ቆዳ ይወስዳል። ማንንም አይጠይቅም። ወንዶቹ መጥረግ ስለማይወዱ ማዕዘኑ የኔ ነበር ማለት ይቻላል። በክረምቱ አንድ የተፋቀ ቆዳ እዚያ ተጥሎ አገኘሁ፤ ሲገፈፍ ቢላ ነክቶት የጣት ጥፍር የምታህል ቅድ አለችበት። እንዲህ ያለው ቅድ ሲሰፋ አይቻለሁና እቤት ወስጄ እጄን ልሞክር ብዬ በጥቁር ክር ሰፋሁት። አራት ስፌት። ሁለተኛው ትንሽ ተንጋድዷል። ለማንም አላሳየሁም፤ አምሮ እስኪወጣልኝ ድረስ ማሳየት አልወድም ነበር።

መስከረም ሲጠባ ዳለቻ ከሮብ ገበያ ስትመለስ፣ ዝናብ ያጠበው መንገድ ላይ የወጣ ድንጋይ ሆዷን መታት። ከዚያ ወዲያ ጣሳው አልበቃ አለ። ሳፋ አስቀመጥን። ሳፋውም ጠዋት ላይ ሊሞላ ይደርሳል። ዳምጤ መኪናዋን ግቢያችን ውስጥ በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማዎቿን በድንጋይ ታኮ አስደግፎ፣ በጀርባው ከሥሯ ገባ። እግሮቹ ብቻ ሲታዩኝ የተዋጠ መሰለኝና አንዱን ጫማውን ያዝሁት።

“ምን ታደርጊያለሽ?”

“እንዳትሄድ።”

“ወዴት ልሄድ፣ ከሞተሩ ጋር ልጋባ? ልቀቂኝና ሰፌድ አምጪ!”

የሚፈታውን ብሎን በሰፌዱ ላይ በተራ ደረደርሁ፤ የግራው በግራ፣ የቀኙ በቀኝ። ኮፓው ሲወርድ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ዳምጤ ዙሪያውን አየና የእናቴን ሙቀጫ አምጥቶ፣ ኮፓውን እላዩ ላይ ደፍቶ በመዶሻ ያቃናው ጀመር። እናቴ ከጓዳ ወጣች።

“ዳምጤ! ሙቀጫዬን ነው?”

“እታለም፣ ልክክ ብሎልኛል እኮ።”

“ነገ አዋዜው ሞተር ሞተር ሲል ብቻህን ትበላዋለህ!”

ኮፓው ተቃና። ችግሩ ማሸጊያው ነው። በኮፓውና በሞተሩ መካከል አንድ ስስ ነገር ካልገባ ብረት ከብረት ገጥሞ ዘይት አይዝም። አሮጌው ማሸጊያ ተቀዳዷል፤ አዲሱ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሎ ሳምንት አለፈ፤ ሌላ ሳምንት አለፈ። ዳምጤ ከሳሙና ካርቶን ቆርጦ ሞከረ። ሁለት ገበያ አደረሰው፤ በሦስተኛው ካርቶኑ እንደ ገንፎ ላመ። ዳምጤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ሲይዝ ሳይ ገብቼ ቆዳዬን አመጣሁለት።

“ይህስ?”

በጣቱ አሻሸው። ዓይኑ በራ። ከዚያ ስፌቱን አየ። “እዚች ላይ ያሳልፋል።”

“አያሳልፍም። እኔ ነኝ የሰፋሁት።”

ይህን ንግግራችንን አንባቢ ይያዝልኝ። ስፌቱን አይቷል፤ ነግሬዋለሁም።

ብራናውን ዘይት አጠጣው፤ በኮፓው ከንፈር ላይ ዘርግቶ ጠርዝ ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያለ ሲመታው፣ ብረቱ ራሱ እንደ መቀስ ቆረጠው። የብሎኑን ቀዳዳ በጋለ ምስማር በሳ። ስፌቴ በግራ በኩል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ብሎን መካከል ዋለ። ዳምጤ እላዩ ላይ ሳሙና አሸበት። ሲያስርም ከግራ አንዱን፣ ከቀኝ አንዱን፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ነበር።

“ለምን አንዱን አትጨርሰውም?” አልሁት።

“አንዱን ካበላለጥሁት ከንፈሩ ይጣመማል። ሁሉም እኩል መሳብ አለበት።”

ወደድሁት። የዓለም ሥራ ሁሉ እንዲህ ቢሠራ አልሁ። በማግሥቱ ጣሳው ደረቅ ነበር። በሦስተኛው ቀንም ደረቅ ነበር። የመጽሐፍ ቆዳ ሆዷ ውስጥ ስላለ ዳለቻ ከእንግዲህ ገደል አትገባም፣ ምናልባትም ዳዊት ትሰማለች ብዬ ሞተሩ ላይ ተደግፌ የደረስሁበትን አነበብሁላት።

ዳምጤ ግን አፉን መያዝ አይችልም። ጠጅ ቤት ገብቶ “ዳለቻን በብራና ደፈንኋት!” ብሎ ፎከረ። በዚያው ሳምንት ከየኔታ ቤት አንድ ብራና ጠፋ። ነጭ፣ እንከን የሌለው፣ ለዳዊት መጽሐፍ ያዘጋጁት ነበር። የኅዳር ወር ገብቷል፤ ጠዋት ውርጭ ነበር። ከወንዶቹ ፊት አስቆሙኝ።

“የሺ፣ ነጩ ብራና የት ሄደ?”

“አላውቅም፣ የኔታ።”

“አጎትሽ ከመኪናው ሥር የከተተው ምንድን ነው?”

“ብራና ነው።”

ወንዶቹ ተንጫጩ። እኔ ምን ያስንጫጫቸዋል ብዬ ገረመኝ፤ የተጠየቅሁትን መለስሁ እንጂ።

“ከየት መጣ?”

“ከማዕዘኑ። እርስዎ የጣሉት ነው። ጠረግሁ፣ ወሰድሁ።”

“እኔ የጣልሁትማ የተቀደደ ነው። የተቀደደ ቆዳ ዘይት ይይዛል?”

“ሰፋሁት። አራት ስፌት አለው። ያስከፍቱና ይዩት!”

“እኔ መሪጌታው መኪና ሥር ተኝቼ ነው ምስክር የምሰማ?” ድምፃቸው ከፍ አለ። “ሂጂ። እውነቱን ስትናገሪ ትመለሻለሽ። እስከዚያ ዳዊት እንዳትነኪ።”

እውነቱን ተናግሬ ነበር። ሌላ እውነት ከየት ላምጣ?

እየሮጥሁ ወደ ዳምጤ ሄድሁ። “አያ ዳምጤ፣ ስፌቱን አይተሃል፤ ንገርልኝ።”

ለየኔታ ሊነግር ሄደ። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ቆቡን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ “ስፌት ነበረው መሰለኝ” አለ።

መሰለኝ! ከወጣ በኋላ መንገዱን ዘጋሁበት። “መሰለኝ ምንድን ነው? ነበረ ወይም አልነበረም በል!”

“ኧረ ተይኝ አንች ልጅ። ከየኔታ ጋር ልጣላ? እኔ የማየው ብሎን ነው።”

“እንግዲያ ክፈተውና ይዩት።”

“የማያፈስ ኮፓ ማን ይከፍታል? ከተከፈተ ማሸጊያው ይበላሻል። ከዚያ በምን ልዝጋው፣ በምላስሽ?”

እንዲህ ሆነ። ሥራችን አምሮ ስለወጣ ምስክሬ ታሰረ።

ወንዶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ “የሺ! ዳለቻ የትኛው መዝሙር ደረሰች?” ይሉኛል። እኔም “አንተ ገና ካልደረስህበት” እላለሁ። እቤት ስገባ ግን አለቅሳለሁ። በየጠዋቱ ተነሥቼ መጀመሪያ የማደርገው ጣሳውን ማየት ነው። ከሥሯ ገብቼ በግራ በኩል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ብሎን መካከል ጣቴን እሰድዳለሁ። ደረቅ። መኪና ዘይት ታፍስስ ብዬ ተስያለሁ፤ እንዲህ ያለ ስለት የተሳለ ሌላ ሰው በጎጃም የሚኖር አይመስለኝም። ዳለቻ ግን ዓመሏን ለወጠች። ይጁቤ ደርሳ ስትመለስ ሆዷ አቧራ ብቻ ነው።

ገና አለፈ። ከገና ወዲህ የኔታ እኔን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ቀድሞ ፊት ለፊት ነበር የሚያልፉኝ፤ አሁን ከሩቅ ሲያዩኝ ወደ ወንዙ መውረጃ ይታጠፋሉ። ተጸየፉኝ አልሁ። ለጥምቀት ደግሞ በአንድ ተማሪ እጅ ሙልሙል ዳቦ ላኩልኝ።

“የኔታ ለየሺ ስጥ ብለውኛል” አለ ልጁ።

“ለሌባ ምጽዋት ከሆነ አልቀበልም በልልኝ” አልሁት። ዳቦውን ይዞ ተመለሰ። እናቴ ተቆጣችኝ። እኔ የመሰለኝን ነው የመለስሁ፤ ያ ዳቦ ምን ተሸክሞ እንደመጣ ያኔ አልገባኝም።

አንድ ጠዋት የዳምጤን መፍቻ ሰረቅሁ። በዚያ ዓመት የሰረቅሁት እሱን ብቻ ነው፤ ይህም ይመዝገብ። ከዳለቻ ሥር ተኝቼ መፍቻውን በሦስተኛው ብሎን ራስ ላይ አገጠምሁት። ገጠመ። አንድ ጊዜ ብስበው ይለቃል። ከዚያ አሰብሁ፤ እኔ ከፈታሁት፣ ስፌቱን ራሷ ገብታ ሰፋችው ይላሉ። ደግሞ መንገድ ላይ ዘይት ጨርሳ ብትቆም ሰው ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። የኔን ነጻነት የይጁቤ ገበያተኛ በምን ዕዳው ይከፍላል? መፍቻውን ወደ ቦታው መለስሁት።

መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ የዳለቻ ሞተር ማንኳኳት ጀመረ። ልክ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ዳምጤ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና “ከታች ነው፤ ኮፓው መውረድ አለበት” አለ። ይህን ስሰማ ልቤም አብሮ ማንኳኳት ጀመረ። ክሪኩን ሲያመጣ እኔ ቀድሜ ገባሁና በጀርባዬ ተኛሁ።

“ውጪ!”

“የኔታ ሳይመጡ አንድ ብሎን አይፈታም።”

“አንች ልጅ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው!”

“እኔ ከኅዳር ጀምሮ እየጠበቅሁ ነው።”

እግሬን ይዞ ጎተተኝ፤ የፊት ጎማውን አቀፍሁት። እናቴ ተጠርታ መጣች። “ተሳፋሪ ቆሞ፣ በጾም፣ ምን ጉድ ነው ይህ?” አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አየችኝ። ቀና ብላ ወንድሟን “ሂድና ጥራቸው” አለችው።

“እኔ? የኔታን?”

“መሰለኝ ብለህ ያስቀረሃት አንተ ነህ። ሂድ።”

የኔታ ከጠዋት ኪዳን ሲወጡ ነበር ያገኛቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ማንንም ሳያዩ ገቡ። ጎረቤቱም፣ ሮብ ገበያ ሊሄድ የመጣውም ተሳፋሪ ዙሪያውን ቆመ። ከሥሯ ወጣሁ። ሰፌዱን አመጣሁ። ዳምጤ ዘይቱን አንጠፈጠፈ፤ ብሎኖቹን እየፈታ ሰጠኝ፤ እኔም የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ አደረግሁ። ኮፓው ወረደ። ማሸጊያው ከከንፈሩ ጋር እንደተጣበቀ፣ ከሰል መስሎ ጠቁሯል። ዳምጤ ሊፍቀው ቢላ አነሣ።

“እንዳትነካው!” አልሁ። “በጨርቅና በቤንዚን!”

ራሴ ጠረግሁት። በግራ በኩል፣ ከሦስተኛው ብሎን ቀዳዳ አለፍ ብሎ፣ ጥቁሩ ቆዳ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ክሩ ታየ። ሁለተኛው ስፌት ተንጋድዷል።

“የኔታ፣ ይዩት” አልሁ።

አላዩትም። ዳሰሱት። ብራና በጣት ነበር የሚያውቁት። ቀስ ብለው “አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ፣ አርባዕቱ” ብለው ቆጠሩ። ጣታቸው ላይ የቀረውን ዘይት ሳይጠርጉ ቆሙ።

ዳምጤ ጉሮሮውን ጠረገ። “ነበረው” አለ። “ያን ቀን አይቼዋለሁ፣ የኔታ። መሰለኝ አልነበረም።”

“ነገ ዳዊትሽን ይዘሽ ነይ” አሉኝ የኔታ።

ሰው ሁሉ እልል ሊል ነበር መሰለኝ። እኔ ግን አልጨረስሁም።

“ነጩ ብራናስ?” አልሁ።

በመቋሚያቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። “ተገኝቷል።”

“የት?”

“ከምተኛበት አጎዛ ሥር። እንዲስተካከል ብዬ ራሴ አስገብቼው ረሳሁት። ተኝቼበት ነበር።”

“መቼ ተገኘ?”

“ለገና ቤት ሲጠረግ።”

“የሺ፣ በቃ” አለች እናቴ። አልበቃኝም። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። የወንዙ መውረጃ። ሙልሙሉ ዳቦ። ሁሉም አንድ በአንድ መጣልኝ።

“ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?”

“ልጅ ነሽ፤ ትረሺዋለሽ ብዬ።”

“አልረሳሁም” አልሁ። “ይህም መልስ አይደለም፣ የኔታ።”

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዳምጤ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የኔታ ዙሪያቸውን አዩና፣ ከጎማው ሥር ያለው የታኮ ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ ከሳቸው ዓይን ጋር ገጥሞ አያውቅም ነበር፤ አሁን ገጠመ። ዘይት የነካ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ በነጩ ላይ።

“በልጅ ፊት ተሳሳትሁ ማለት ከብዶኝ ነው” አሉኝ።